ከሰላምታ በፊት ያለችው መስመር

ቡታጅራ፣ ኅዳር 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጠይባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ላሟስ ወለደች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሩፋይዳ ቁመቷ እኔን አልፎኛል፤ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ስታወርድልኝ «እማዬ አጠርሽ» ትለኛለች። በርበሬው ዘንድሮ ደህና ነው፤ ስናስነጥስ ነው የምንውለው።

«ለምን ለቀቅሽው?» ላልሽኝ፣ እንዴት አድርጌ ልያዘው? ባሌን ቢሆን ወንድምሽ ነው፤ ሀያቱን እኮ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ከፆሙ ፍቺ በኋላ በወልቂጤና በእዣ በኩል ሰርግ እንደ ፈንዲሻ ነው የሚፈነዳው ብለው ነገሩት። ፎቶ ቤቱን ቆልፎ ቀይ ሞተሩ ላይ ወጣ፤ «እስከ አረፋ ሰርቼ ለበዓሉ ቤቴ እገባለሁ» ብሎኝ ሄደ። አንቺ ጋ ስለሚያርፍ ብቻ ነው ዝም ያልኩት።

ሰርጉ አይደለም የሚያስፈራኝ። ዱሮ እሱ ሞተሩን ይነዳል፣ ረዳቱ ሙስተፋ ከኋላ ተፈናጦ ቪዲዮ ካሜራውን ይይዛል። ሙስተፋ በክረምቱ የራሱን ሥራ ጀምሮ ሄደ። ሌላ ሰው ቅጠር ስለው የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል አለኝና ብየዳ ቤት ተመላልሶ አንድ ብረት አሠራ። መሪው ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ከላይ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው፣ ዙሪያውን ቀለበት አለው። የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ አለበሰው፣ ስፖንጅ አነጠፈበት። ስፖንጁን ከየት እንዳመጣው አልነግርሽም፤ የኔ ትራስ ግን ከስቷል። ካሜራውን እዚያ ላይ እንደ ጨቅላ አስተኝቶ ይጠፍረዋል። «ከእንግዲህ ሞተሩ ራሱ ያያል» አለኝ።

«አንተስ ምን ታያለህ?» አልኩት።

«ካሜራው የሚያየውን» አለኝ።

ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ካሜራው በጎኑ ትንሽ መስኮት አለችው፤ የሚቀርጸው በእሷ ይታያል። እሷን እያየ ነው የሚነዳው። ያን ሁሉ መንገድ አላህ ፊቱ ዘርግቶለት እሱ በክብሪት ሳጥን ያየዋል። የሞተር ቆቡንም «ይከልለኛል» ብሎ አያደርገውም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ወንድሜ ዑመይር አዲስ አበባ ያረፈ ጊዜ የመጣልን ደብዳቤ ገጹ ሙሉ ሰላምታ ነበር። ከብቱን፣ ጎረቤቱን፣ የሞተችውን ድመታችንን ሳይቀር ጠይቀዋል። እኔ እየሳቅሁ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። ወረቀቱን ስገለብጠው ዑመይር አፈር ከለበሰ ሰንብቷል። ይኸው እስከ ዛሬ ረጅም ሰላምታ እፈራለሁ። ስለዚህ ስትጽፊልኝ ከሰላምታው በፊት፣ ከሁሉ በላይ፣ «ሀያቱ ደህና ነው» ብለሽ ጻፊልኝ። ደህና ካልሆነም «ደህና አይደለም» በይኝ። ሰላምታውን ከዚያ ወዲያ እንዳሻሽ አርዝሚው፤ ባለጌ ናት አልልሽም። ቴሌ ሄጄ እንዳልደውል ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጆሮውን አሹሎ ነው።

ይህን የሚያደርስልሽ ሙሀመድሰይድ ነው፤ በርበሬ ጭኖ በየጊዜው ወደ እናንተ ይመላለሳል። መልሱን ለእሱ ስጪው።

እህትሽ ባሂራ


ጉብሬ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሀያቱ ደህና ነው።

አሁን ልሰላምሽ? አሰላሙ ዓለይኩም የወንድሜ ሚስት። ስጽፋት አፈርኩ እኮ። ልጄ ሀቢቡ በትከሻዬ አይቶ «እማዬ ቴሌግራም ነው እንዴ?» አለኝ። ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ላሟ ወንድ ጥጃ ወለደች፤ አንቺ ሴት ነበር የተመኘሽልኝ፤ ምን ይደረግ።

ወንድሜ እዚህ ከወረዳው ሰው በላይ ታዋቂ ሆኗል። ባለፈው በቸሃ በኩል አንድ ሰርግ ጠርተውት ሄደን ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጀፎረው አፍ ላይ አስቆሙት። አንቺ ወደ ከተማው ከገባሽ ቆይተሻል፣ ረስተሽው እንደሆነ፣ በቤቶቹ ፊት ለፊት ያ ሰፊ ሣር የማንም አይደለም የሁሉም ነው፤ ሙሽራም አስከሬንም በዚያ ነው የሚያልፈው፤ አጥር እንኳ አንድ ክንድ አይገፋበትም። «ሞተርህ ሣሩን ያርስብናል» አሉት። እሱ ለመናቸው። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፋ፣ ሰው ይግፋህ ተባለ። የሙሽራዋ ወንድሞች በሙሉ ልብሳቸው ከኋላ እየገፉት፣ እሱ እንደ ደጃዝማች ተኮፍሶ ቀረጸ። አንዲት አሮጊት «ይህ ሰውዬ በሽተኛ ነው እንዴ የሚገፉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። «አላህ ይማረው» አለችኝ።

ስለ ቆቡ ላነሣሽው፣ ቆቡ ደህና ነው፤ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራ እንኳ አልነካውም። ስለ ግራ እጁ ደግሞ በቃል ለላክሽብኝ፣ ማን ነገረሽ? የሙሀመድሰይድ ወሬ ነው መሰለኝ። እሾህ ቢጤ ጫረው፤ እሱንም ረስቶታል።

ካሴት ልኮልሻል። ከአገና ገበያ እስከ እናትሽ ደጅ ያለውን መንገድ ለአንቺ ብሎ ነው የቀረጸው፤ ማንም ሳይከፍለው። «ባሂራ ስታየው ፍርሃቷ ይለቃታል» አለኝ። ቪዲዮ ቤት ወስደሽ እይው። ሩፋይዳን ሳሚልኝ።

ጠይባ


ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጠይባ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ዛሬ ግን አጭር ነው።

ካሴቱን አሚኔ ቪዲዮ ቤት ወሰድኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ተከተለኝ፤ አግዳሚው ሞልቶ መሬት የተቀመጠም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲጀምር ደስ አለኝ። አገና ገበያ አልፎ፣ የእንሰቱ ጓሮ በግራና በቀኝ እየሸሸ፣ ያ የተሰነጠቀው ድንጋይ፣ ከዚያ የእናቴ ደጅ። በእግሬ ስሄድ እንኳ እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ሙታ እንዳልቀበርናት ሁሉ በሩ ላይ ጠበቅኋት። አለቀስኩ፤ ሴቶቹም አብረውኝ አለቀሱ። ፍርሃቴ ለቆኝ ነበር፤ አንድ ስኒ ሻይ ለሚጠጣበት ጊዜ ያህል።

አሚኔ አልቋል ብላ ልታጠፋ ስትነሳ ካሴቱ አላለቀም ነበር። ሌላ መንገድ መጣ። ያንቺን ሰማያዊ በር አወቅሁት፤ አንቺ ከፊቱ ቆመሽ ትስቂያለሽ። በሩ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ዓለም ተገለበጠ። ሰማይ፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ሣር ብቻ በጎኑ ተኝቶ። ጎማው ሲሽከረከር ይሰማል። ዶሮሽ መጥታ ካሜራውን ትክ ብላ አየችው፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ እስኪናገር ጠበቅሁ። አይናገርም። ያንቺን ድምፅ ሰማሁ፤ «አንተ ሀያቱ! ሀያቱ!» ትያለሽ። ድምፅሽ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ብዙ ቆይቶ እሱ «ለባሂራ እንዳትጽፊላት» አለ። ያን ጊዜ የሚስቅ አልነበረም።

አንቺ ግን ጻፍሽልኝ። «ሀያቱ ደህና ነው» ብለሽ፣ ከሰላምታው በፊት፣ እንደ ለመንኩሽ አድርገሽ ጻፍሽልኝ። እሾህ ነው አልሽኝ።

እሱ ካሜራውን ያጠፋ መስሎት ነው፤ ካሜራው ግን ያየውን ሁሉ አመጣልኝ። ካንቺ ይልቅ ካሜራው አዘነልኝ።

ሙሀመድሰይድ በቃል የሚነግርሽ ነገር አለ። ወረቀት ላይ አላሰፍረውም፤ የሩፋይዳ አባት እጅ ቢገባ ያነበዋል። እባክሽ እንዳልኩሽ አድርጊ።

ባሂራ


ጉብሬ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሀያቱ ደህና ነው። ወላሂ ደህና ነው።

እህት ዓለሜ፣ ምን ብዬ ልሰላምሽ? በአንድ እግሬ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ ብልሽ ትስቂ ይሆን? አፉ በይኝ። የወደቀው ደጄ ላይ ነው፤ ያንቺን መንገድ ቀርጾ ከአገና ሲመለስ በመስኮቷ እያየኝ «ሳቂ፣ ሳቂ» እያለ፣ እኔም እንደ ሞኝ እየሳቅሁለት፣ ድንጋዩን አላየውም። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ፤ እራቱንም በላ። የበላ ሰው ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ አሁን ግን ገባኝ። ከእንግዲህ ያቺን መስመር ከጻፍኩልሽ እውነት ናት። እውነት ካልሆነች እጄ አይጽፋትም።

ሙሀመድሰይድ የነገረኝን አድርጌያለሁ። ብረቱ የለም። ጁምዓ ወደ መስጊድ በእግሩ ሲሄድ ቡሎኑን ፈታሁት፤ እጄ ተላጠ። የት እንዳደረግሁት ልንገርሽና ሳቂ፤ ከጓሮ የአምናው ቆጮ የተቀበረበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ከእንሰት ቅጠሉ ሥር። ወንድ ልጅ ቤቱን ይገለብጣል እንጂ የቆጮ ጉድጓድ ከፍቶ አያይም፤ የኛ የሴቶቹ ነው። እንደ ፈራሁትም አልሆነ። አልጋ ሥር ፈለገ፣ ጣራ ላይ ወጣ፣ የጎረቤት ልጆችን አንድ በአንድ ጠየቀ። አልፎ ተርፎ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ አፍንጫውን ይዞ «እዚህማ ማንም አይመጣም» አለና ሄደ። እኔ ከእንሰቱ ኋላ ሆኜ ቀሚሴን ነክሼ ሳቅሁ።

አሁን በረንዳ ላይ ጉንጩን ተደግፎ ይውላል። ካሜራውን ፈትቶ ይወለውላል፣ መልሶ ይገጥማል። አንድ ሰርግ አምልጦታል። እዚህ ወልቂጤ ሌላ ያሠራል እንዳትዪ፣ ብየዳ ቤት ሄዶ ወረፋው ከአረፋ በኋላ ነው ብለውት ተመልሷል። ያለ ብረት ካሜራ የት ይታሰራል? ተገላገልን እህቴ። ዛሬ ማታ ተኚ።

ጠይባ


ቡታጅራ፣ ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጠይባ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላነበብኩትም።

ትናንት ሙሀመድሰይድ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ሰጠኝ። ዓይኑን ሰበረ። ሌላ ጊዜ «ሻይ አለ ወይ?» ብሎ ነው የሚቀልደው። አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ሰው መርዶ በመኪና መስኮት አይነግርም፤ ያውቃል።

«ውድ እህቴ ባሂራ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኛ አላህ ይመስገን» ይላል። ከላዩ ምንም የለም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አየሁት። ፖስታውን ገለበጥኩት፤ መስመሯ እዚያ ወድቃ እንደሆነ ብዬ። «በርበሬው እንዴት ሆነ» የሚለው ጋ ስደርስ አጠፍኩት። አንቺ ስለ በርበሬ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

አሁን ወረቀቱ ከበርበሬው ጆንያ ሥር ነው። እኔ እላዩ ላይ ተቀምጬ እሸጣለሁ። ሰው ይመጣል፣ እሰፍርለታለሁ፣ ይሄዳል። ሩፋይዳ «አባዬ ምን አለ?» አለችኝ። «ሰላም ብሎሻል» አልኳት። ያነበብኩት እስከዚያ ድረስ ነው፤ አልዋሸኋትም። ለአረፋ የገዛሁለትን ኩፍታ አወጣችና «ይበቃዋል ወይ?» ብላ ጭንቅላቷ ላይ አደረገችው። አውልቂው ብዬ ጮህኩባት። ምን እንዳደረገች አላወቀችም፤ አኮረፈችኝ።

ካላነበብኩት ገና አልሆነም የሚል ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ተቀምጧል። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከጆንያው ላይ አልነሳም ጠይባ። ያንቺ ሰላምታ የዑመይርን ሰላምታ ይመስላል።

ሁለት ቃል ነው የምፈልገው። ወይ ይህን ወይ ያን። ሙሀመድሰይድ ዛሬ ወደ እናንተ ይመለሳል፤ ይህን ያደርስልሻል። በዚያው መኪና መልሽልኝ።

ባሂራ


ጉብሬ፣ ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሀያቱ በሕይወት አለ። ደህና ግን አይደለም።

ሁለተኛውን መስመር ከማንበብሽ በፊት የመጀመሪያውን ደግመሽ አንብቢ። ተነፈስሽ? እሺ።

ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ገና አልነቃም ነበር። ሆስፒታል ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ሙሀመድሰይድ ሊሄድ መኪናውን አስነሥቷል። «ደህና ነው» ልል ብዬ እጄ እምቢ አለ፤ ምዬልሻለሁ። «ደህና አይደለም» ልል ብዬ ያንን ደግሞ ከጻፍኩት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እጄ ብቻውን ወደ ሰላምታው ሄደ። ገጹ እስኪያልቅ ሰላምታ ጻፍኩ፤ የሚሆነው ነገር እስኪሆን። ሌላ ምንም የለበትም እህቴ። ብትገልብጪውም ሰላምታ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። አገና አንድ ትልቅ ሰርግ ነበረ፤ ቃል ሰጥቷቸው ነበር። ብረቱ ሲጠፋበት ከጎረቤት የቃጫ ገመድ ለመነ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሮ በጠዋት ካሜራውን መሪው ላይ ጠፈረው። ጤዛ ነበር፤ ገመዱ ጥርቅም ብሎ ይዟል፤ እኔም ዳስሼው ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ቃጫው ደረቀ፤ ሲደርቅ ላላ። ቁልቁለቱ ላይ ከፊቱ የሚሄዱትን ሙሽሮች እየቀረጸ ሲወርድ ካሜራው ተንሸራተተ። ያዩት ሲናገሩ፣ በሁለት እጁ ቀለበው አሉ። ካሜራውን ያዘው፤ መሪውን ለቀቀው።

ካሜራው አልተጫረም። የእሱ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ተሰብሯል፤ ጀሶ አድርገውለታል። ግንባሩ ተሰፍቷል። ሳይናገር ውሎ አደረና በማግስቱ ከቀትር በኋላ ዓይኑን ገለጠ፤ ውሃ አለኝ፤ ቀጥሎ ሙሽሮቹ ደረሱ ወይ አለኝ። ሐኪሙ ይሄዳል ብሏል፤ እንደ ድሮው ነው ወይ ስለው በጊዜ ይታያል አለ። አሁን እኔ ቤት ተኝቷል፤ ለአረፋ ቡታጅራ አይገባም።

አሁን የቀረውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በነቃ ቁጥር ስለ ብረቱ ነው የሚያወራው። «ያ ብረት ቢኖር» ይላል። «ያን ብረት የወሰደ ሰው እግሬን ወሰደው» ይላል። በተኛበት ሰግዶ ሲጨርስ እጁን ዘርግቶ «ያ አላህ፣ ማን እንደሆነ አሳየኝ» ሲል እሰማለሁ። እኔ ወጡን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ አሚን ማለት አልችልም፣ አሚን አለማለትም አልችልም። የጎረቤቱን ልጅ ሙባሪክን ጠርጥሮታል። ልጁ ትናንት ሊጠይቀው መጥቶ ፊቱን አዞረበት፤ እያለቀሰ ወጣ።

ብረቱ አሁንም ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ቆጮ ላወጣ ስሄድ ያንን ጥግ አልነካም። ምን ላድርግ? ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ዝም ካልን ማንም አያውቅም፤ ሙሀመድሰይድ አፉ ጥብቅ ነው። ከነገርኩት እህቱን ያጣል፤ ሚስቱንም። አንቺ በይኝ፤ ያልሽውን አደርጋለሁ።

ጠይባ


ቡታጅራ፣ ጥር 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጠይባ፣ መጣሁ።

ደብዳቤሽን በርበሬው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የመጀመሪያውን መስመር ደጋግሜ፣ እንዳልሽኝ። ከዚያ ያንን ከጆንያው ሥር አወጣሁና እስከ ታች አነበብኩት፤ እውነትሽን ነው፣ ሰላምታ ብቻ ነው። ለለቅሶ ገብቼ የሞተ የለም እንደ ተባልኩ ሁሉ ሳቅሁ። ሩፋይዳ አበድሽ አለችኝ። ነገርኳት፤ አባቷ እንደ ወደቀ፣ በሕይወት እንዳለ። ስለ ብረቱ ግን ገና አልነገርኳትም። መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሌላ ሰው ነው።

በሙሀመድሰይድ አፍ የላክሁብሽ እኔ ነኝ። «ብረቱን ደብቂልኝ፣ ያለሱ አይነዳም» ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ እጅሽ ነው የተላጠው። ስለዚህ አትንገሪው። ዝምም አንልም፤ እኔ መጥቼ እነግረዋለሁ። ለዚያ ልጅ ግን ዛሬውኑ እንጀራ ቆርሰሽ ስጪውና «አንተ አይደለህም» በይው፤ ለምን ካለሽ ባሂራ ስትመጣ ትነግርሃለች በይው።

ሞተሩን ስፈራ ኖርኩ፤ ቁልቁለቱን፣ ድንጋዩን፣ ያቺን ትንሽ መስኮት። አሁን የምፈራው የሱን ዓይን ነው። በዚያ መስኮት የሚያየውን መንገድ ሁሉ ይወደው የነበረ ሰው ነው፤ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደሚያይ አላውቅም። ምናልባት ጀርባውን ይሰጠኛል። ይስጠኝ፤ እግሩ እስኪጠገን ጀርባውን አጥብለታለሁ።

አረፋን ኢንሻአላህ እናንተ ጋ እንውላለን። ሩፋይዳን ይዣት እመጣለሁ፤ ኩፍታውንም ይዛለች። ይህን ሙሀመድሰይድ ዛሬ ያደርስልሻል፤ እኛ ነገ በሌላ አይሱዙ ነው የምንነሳው።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሄደሽ ያንን ጥግ ክፈቺው። ብረቱን አውጪና በአመድ እሺው፤ የቆጮው ሽታ እንደሆነ አይለቅም፣ አይልቀቅ። ሰማያዊው በርሽ ላይ ይዘሽው ጠብቂኝ። ሰላም ብለሽ እንዳታቅፊኝ፤ ብረቱን ስጪኝ። በእጄ ይዤው ልግባ። መጀመሪያ እሱን ይይ፤ ከዚያ እኔን። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ባሂራ